ሁለት ጣት ትርፍ

ከፈረስ መጋላ ወረድ ሲሉ በእግር፣
ቀን ሙሉ ያወራል ማኪና ግርግር።
ስም አውጪ አልቀጠረ፣ ታፔላም የለውም፤
የገዛ ድምፁ ነው የጠራው በስም።

እኔ የምተዳደር በስልክ ጽሑፍ ነው፤
ባለሱቅ ይጠራኛል፣ ገበያ ሲርቀው።
ለጫማ፣ ለሽቶ፣ ለዱባይ ምንጣፍ
"ዛሬ ብቻ!" እላለሁ። ነገም ስጽፍ
"ዛሬ ብቻ!" ነው።
"ሦስት ፍሬ ቀረ!" መጋዘኑ ሞልቶ፤
የእሳት ምልክት ከጎኑ፣ ሰው እንዲሮጥ ፈርቶ።
መቶ ሃምሳ ብር ነው የአንዱ ጽሑፍ ዋጋ፤
ሲቀና በማታው፣ ሲዘገይ ሲነጋ።

አው ኡመርዲን ጋ የወሰደኝ ኢምራን ነው፣ የልጃቸው ልጅ፤
"አያቴን ጻፊለት፤ ከተማው በሙሉ ዞረ ወደ ሰልባጅ።"
ሽማግሌው ቀና አላሉም። ሜትር አንገታቸው ላይ፣
"አንብቢው" አሉኝ ብቻ፣ "ጆሮዬ ነው የሚያይ።"

አነበብኩ።
"የስፌት ንጉሥ፣ በምሥራቅ ወደር የሌለው!"
"ልጄ፣ ንጉሥ ያሰፋል፤ የሚሰፋው ሌላ ነው።"
"ጥራት መለያችን፣ ዋጋችን ተመጣጣኝ።"
"ተመጣጣኝ ስንት ብር ነው? እስቲ አንቺው ንገሪኝ።"
"ይፍጠኑ! ይህ ቅናሽ የሚያበቃው ዓርብ!"
"ዓርብ ዝግ ነኝ።"

ሰረዝኩ። ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ባትሪዬ አለቀ።
በዚህ መሃል አንድ ቦርጫም ሰው ከበሩ ዘለቀ፤
የሠርጉን ሱሪ ነው በፌስታል የያዘው፤
"ወገቡ እምቢ አለኝ። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው።"
ገለበጡት ሱሪውን። በምላጭ ስፌቱን
ፈታ ፈታ ሲያደርጉ የኋላ መሃሉን፣
ውስጡ ሌላ ጨርቅ አለ፣ ፀሐይ ያላየው፣
ሁለት ጣት የሚያህል፣ ቀለሙ ገና እንደ ጣቃው።
"ያኔ ነው የተውኩልህ" አሉት መነጽራቸውን ገፍተው፤
"ሙሽራዋን አየኋት፤ እጇ ባለሙያ ነው።
ትወፍራለህ አልኩ።"
"ስንት ልክፈል?"
"ከፍለሃል። ያን ጊዜ።"

የኢምራንን ስልክ ነጥቄ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።
እሳት የለ፣ ቃለ አጋኖ የለ፤ ያሉትን ብቻ ጻፍኩ፦

"ሱሪ ስሰፋ ሁለት ጣት ጨርቅ ውስጡ እተዋለሁ።
ትወፍራለህ።
ያኔ ና። እኔ አለሁ።"

በነጋታው መጡ፣ ከድሬ፣ ከባቢሌ፤
ዐሥራ አንድ ሰው ጠራ ያ አጭር ቃሌ።
(ቃሌ? የሳቸው ነው።)
ዘጠኙ የያዙት የድሮ ሱሪ ነው፤
የተተወላቸውን ሊያስፈቱ የመጡ ናቸው።
"ገበያ ጥሪ ስልሽ ዕዳዬን ጠራሽብኝ!"
ብለው በሳቅ ፈረሱ፤ እኔን ላብ አሰመጠኝ።

ዐሥረኛው ሱሪ ግን የሌላ ሰፊ ነበር።
ፈቱት። ውስጡ ባዶ፣ ከተቆረጠ ክር በቀር።
ሰውየው ክፍቱን ስፌት ብዙ ቆሞ አየና
"እንግዲያውስ" አለ፣ "ለኩኝ እንደገና።"
ዐሥራ አንደኛውም ተለካ። ወሬው እግር አወጣ።
ኢምራን ደብተር ገዛ፣ ለወረፋ፣ ስም የሚጻፍበት፤
እስከ ረመዳን ሞላ፤ ጥቁሯ ሲንጀር ዘይት ጠጣች፣ መሸባት።

እኔስ? ማታ ሸዋ በር፣ ክፍሌ ገብቼ፣
የጻፍኩትን ሁሉ ገለበጥኩ ዘርግቼ፤
ሁሉም ፊት ለፊት ነው። ስፌቱን ብፈታ፣
ውስጡ ምንም የለም፤ ላዩ ብቻ ጫጫታ።
የሽቶው ሥራ ቀርቶኛል፤ ለነገ ነው ያልኩት።
"ቀን ከሌት አይለቅም! ዛሬ ብቻ!" ልል ስል
ሁለቱም ጣቶቼ እምቢ አሉኝ እኩል።

ሰረዝኩና ጻፍኩ፦
"ሁለት ሰዓት ያህል ያውዳል። ከዚያ የራስሽ ጠረን ነው።"

ሦስት ጠርሙስ ተሸጠ።
ባለሽቶው ግን ደውሎ "ሽቶዬን ሰደብሽው!"
አለኝ፤ መቶ ሃምሳዬም
እስካሁን አልመጣ።